ግማሹ በብረት፣ ግማሹ በጨርቅ፦ የ1915ቱ የራስ ቁር ጉዳይ

በአማርኛ ግንባር የምንለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ ጦርነት የሚካሄድበት ቦታ ነው። ሌላው ከቅንድባችን በላይ ያለው የፊታችን ክፍል ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመጀመሪያ ዓመት እግረኛው ወታደር ወደ ግንባር ሲሄድ ግንባሩን የሚከልልለት ነገር አልነበረውም።

(እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1914 የፈረንሳይ እግረኛ የዘመተው ኬፒ የሚባለውን የጨርቅ ቆብ አድርጎ ነው። እንግሊዙም እንዲሁ በጨርቅ ቆብ ነበር። ጀርመኑ አናቱ ላይ ሹል ጌጥ ያለበት የቆዳ ቆብ ነበረው። ቆዳው ዝናብ ይከላከላል። ፍንጣሪ ግን ሳይቸገር ይበሳዋል።

አሁን ወደ አንድ ቀን ልውሰዳችሁ። ሴፕቴምበር 25 ቀን 1915። በዚያ ቀን በምዕራቡ ጦር ግንባር ትልቅ ማጥቃት ተከፈተ። ፈረንሳዮች በሻምፓኝና በአርቷ፣ እንግሊዞች ደግሞ እዚያው አጠገብ ሎስ በምትባል የማዕድን መንደር በኩል። ጠላታቸው አንድ ነው። የሚወርድባቸው መድፍም አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ራሳቸው ላይ ነበር። የፈረንሳይ እግረኞች በብዛት አዲስ የብረት የራስ ቁር አጥልቀው ወጡ። ሎስ ላይ የነበሩት እንግሊዞች ግን ከጥቂቶቹ በስተቀር ብረት አልነበራቸውም።

ልዩነቱን የፈጠረው ድህነት አይደለም። እንግሊዝ ብረትም፣ ፋብሪካም፣ የሠለጠነ ሠራተኛም ነበራት። ልዩነቱ አንዱ ወገን "ጭንቅላትን ከምን እንከላከል?" የሚለውን ጥያቄ ቀድሞ መመለሱ ነው። እኔ ይህን ጉዳይ የምወደው ለዚህ ነው። ዛሬም የራስ ቁር የሚሠራ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ይኸው ጥያቄ ነው።

ከላይ የሚወርደው

ምሽግ ውስጥ የገባ ሰው ደረቱን፣ ሆዱንና እግሩን አፈር ይሸፍንለታል። ለማየትና ለመተኮስ ብቅ የሚለው ራሱ ነው። ምሽጉ ከላይ ደግሞ ክፍት ነው። መድፈኛ ይህን ያውቃል።

ያኔ በብዛት ከሚተኮሱት የመድፍ ጥይቶች አንዱ ሽራፕኔል ይባላል። መሬት ሳይነካ አየር ላይ ይፈነዳል። በውስጡ የታጨቁትን ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ድብልብል እንክብሎች ወደ ታች ይበትናል። የእንግሊዙ ባለ 18 ፓውንድ መድፍ አንድ የሽራፕኔል ጥይት ወደ 375 የሚሆኑ እንክብሎች ነበሩት። እያንዳንዱ እንክብል 11 ግራም ገደማ ይመዝናል። ጀርመኖችም ተመሳሳይ ነበራቸው። በዚያ ላይ ፈንጂ የታጨቀበት ሌላ ዓይነት የመድፍ ጥይት አለ። እሱ ሲፈነዳ የራሱን የብረት ቅርፊት ሰባብሮ ይረጫል። ድንጋዩና የአፈሩ ጓልም አብሮ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ነገሩ ሁሉ እሷ ላይ ነው ያለው። 11 ግራም የሚመዝን እንክብል በሴኮንድ 200 ሜትር ቢወርድ የያዘው ጉልበት 220 ጁል ነው። የዘመኑ የጀርመን ጠመንጃ ጥይት ደግሞ 10 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከአፈሙዙ ሲወጣ ፍጥነቱ በሴኮንድ ወደ 880 ሜትር ይደርሳል። ጉልበቱ 3,800 ጁል አካባቢ ይሆናል። ክብደታቸው ተቀራራቢ ነው። ጉልበታቸው ግን ከ17 እጥፍ በላይ ይለያያል።

ስለዚህ ሁለቱም ሰው ይገድላሉ፤ አንደኛውን ግን ስስ ብረት ያቆመዋል። ሁለተኛውን ለማቆም ጭንቅላት የማይሸከመው ውፍረት ያስፈልጋል።

የስንቅና ትጥቅ ሹሙ

ኦጉስት ሉዊ አድሪያን በ1859 ሜትዝ ውስጥ የተወለደ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። በጦሩ ውስጥ ሥራው ስንቅና ትጥቅ ማቅረብ ነበር። በስሙ የሚጠሩ ተገጣጣሚ የእንጨት ሰፈሮችም አሉ። ማለትም ሰውየው ብዙ ነገር በፍጥነትና በርካሽ ማምረት ለምዷል። የውጊያ ጀግና ባይሆንም ስንት ነፍስ እንዳተረፈ ሳስብ ስሙ በደንብ አለመታወቁ ያሳዝነኛል።

እንደሚባለው ሐሳቡ የመጣለት ከአንድ ቁስለኛ ነው። ወታደሩ የሚበላበትን የብረት ሳህን ከቆቡ ሥር አድርጎ ነበር፤ እሷ ናት ያተረፈችኝ አለ ይባላል። ታሪኩ እንዲህ ሆነም አልሆነ፣ አድሪያን መጀመሪያ የሠራው ነገር ከሳህን ብዙም አይለይም። ከኬፒው ሥር የምትገባ ስስ የብረት ቆብ ናት። በ1915 መጀመሪያ ወደ 700,000 የሚሆኑ ተሠርተው ታደሉ። ወታደሩ ግን አልተመቸውም። ታንሸራትታለች፣ ታሞቃለች፣ ራስን ትፈትጋለች። ብዙዎቹ ምግብ ማብሰያና ዕቃ መያዣ አደረጓት።

ይህ ውድቀት ጠቅሟል ባይ ነኝ። የማይመች የራስ ቁር ራስ ላይ አይቀመጥም። ራስ ላይ የሌለ ብረት ደግሞ ማንንም አያድንም። ዛሬ የራስ ቁር የሚሠሩ ሰዎች ስለ ምቾት ሲያወሩ የቅንጦት ጉዳይ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። የመከላከያው ግማሹ እሱ ነው።

ከዚያ ሁለተኛው ሥራ መጣ። ኤም 15 የሚባለው፣ ዓለም "የአድሪያን የራስ ቁር" ብሎ የሚያውቀው። ብረቱ ለስላሳ ነው። ውፍረቱ 0.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጠቅላላ ክብደቱ 700 ግራም አካባቢ ነው። ከአራት ክፍሎች ይገጣጠማል፦ ዋናው ጎድጓዳ አካል፣ የፊት ክፈፍ፣ የኋላ ክፈፍ፣ እና አናቱ ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ሸንተረር። ቅርጹ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን የራስ ቁር ይመስላል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ፋብሪካዎቹ እንዲህ ዓይነት ቅርጽ ማውጣት ያውቁበት ነበር።

የጠመንጃ ጥይት ቢመታው ይበሳዋል። አድሪያን ይህን ያውቃል፣ አዛዦቹም ያውቃሉ። "ታዲያ ምን ይጠቅማል?" የሚል ተቃውሞ ለማንሳት ከባድ አይደለም፤ ዛሬም ድረስ ይነሳል። መልሱ ከላይ ያለው ሒሳብ ነው። አድሪያን ጥይቱን ሆን ብሎ ተወው። ብዙውን ሰው የሚመታውን፣ ጉልበቱ ግን አነስተኛ የሆነውን ፍንጣሪ መረጠ። በ1915 መጨረሻ ከሦስት ሚሊዮን በላይ የራስ ቁር ተመርቶ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ማለት ነው።

ለስላሳውን ብረት ትተው የተሻለ ቅይጥ ቢጠብቁስ? ቅይጡ በእርግጥ ይሻላል፤ እንግሊዞች በኋላ አሳይተውታል። ግን ሻምፓኝ ላይ የወጣው ወታደር በዚያ ቀን ነው ብረቱን የፈለገው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ግሩም የራስ ቁር ለእሱ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

እንከኑም ብዙ ነው፤ መሸፈን አልፈልግም። አራት ክፍል ማለት መገጣጠሚያ አለ ማለት ነው። መገጣጠሚያ ደግሞ ደካማ ቦታ ነው። አናቱ ላይ ከሸንተረሩ ሥር ለአየር የተተወ ክፍተት አለ። ፊቱ ላይ የጦር ክፍሉ አርማ የሚሰካበት ቀዳዳ አለ። ግንባር ላይ ብረት መብሳት ለአርማ ሲባል! ይህኛው ያናድደኛል። ፈረንሳዮች ራሳቸው በ1926 ባወጡት ሞዴል ዋናውን አካል ከአንድ ወጥ ብረት አድርገው አስተካክለውታል።

እንግሊዞች

እንግሊዞች የፈረንሳዩን አይተው ለእኛ አይሆንም አሉ። ለማምረት ይወሳሰባል፣ ጠንካራም አይደለም የሚል ነው ክርክራቸው። ሁለቱም እውነት ነው። በኦገስት 1915 ጆን ሊዮፖልድ ብሮዲ የሚባል ሰው ሌላ ንድፍ አስመዘገበ። ከአንድ ላሜራ በአንድ ጊዜ ተጭኖ የሚወጣ፣ ዙሪያውን ሰፊ ክፈፍ ያለው፣ የተገለበጠ ጎድጓዳ ሳህን የሚመስል የራስ ቁር። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ እግረኞች ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው ነገር ያደርጉ ነበር። እነሱም ከግንብ ላይ ከሚወርድ ድንጋይና ቀስት ነበር የሚከላከሉት፤ ስለዚህ ቅርጹ ቢመሳሰል አይገርምም።

ሮበርት ሃድፊልድ የተባለው የብረት ሊቅ ደግሞ ብረቱ እንዲቀየር ሐሳብ አቀረበ። 12 በመቶ ገደማ ማንጋኒዝ የገባበት ብረት። ይህ ብረት ልዩ ጠባይ አለው። ሲመታ የተመታበት ቦታ ይበልጥ ይጠነክራል። በላሜራነቱ ይታጠፋል፣ ፍንጣሪ ሲያርፍበት ደግሞ ይጠጥራል። ለራስ ቁር የተፈጠረ ነው የሚያስብል ጠባይ ነው።

ችግሩ ጊዜ ነበር። በሴፕቴምበር 1915 የመጀመሪያዎቹ ሲደርሱ የታደሉት ለአንድ ሻለቃ 50 ያህል ነው። አንድ ሻለቃ እስከ አንድ ሺህ ሰው ይይዛል። ስለዚህ የራስ ቁሩ የወታደሩ ሳይሆን የምሽጉ ንብረት ሆነ። ተረኛው ከምሽጉ ሲወጣ አውልቆ ለሚተካው ያስረክባል። እስቲ አስቡት፤ ሌላ ሰው ሲያልበው የዋለውን፣ ለእናንተ ጭንቅላት ያልተለካውን ብረት አድርጋችሁ ለሊቱን ስትቆሙ። ግን ከጨርቅ ይሻላል። ትልቅ ውጊያ ላይ በደንብ የዋለው በኤፕሪል 1916 በሴንት ኤሎይ ነው። በዚያው ዓመት ክረምት የመጀመሪያው ሚሊዮን ተመርቶ አለቀ።

ከአገልግሎት የመጡ ማሻሻያዎችም ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ቀለማቸው ያብረቀርቅ ነበር፤ ለአነጣጥሮ ተኳሽ ራስን ማሳየት ነው። ስለዚህ ገጹ ሻካራና ደብዛዛ ተደረገ። የክፈፉ ጠርዝም ስለት ስለነበረው በ1916 ዙሪያው ተከፈፈ። ትልቁ ጉድለቱ ግን አልተፈታም። ጥልቀት የለውም። ከላይ ለሚመጣ ትከሻን ሳይቀር ይጋርዳል። ከጎን ለሚመጣ ግን ጆሮ ግንድና ማጅራት ክፍት ናቸው።

አሜሪካ በ1917 ስትገባ የራሷ የራስ ቁር አልነበራትም። 400,000 ያህል ከእንግሊዝ ገዝታ፣ ከዚያም ያንኑ ቅርጽ አገሯ ውስጥ አመረተች። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የጥንት ጦር ዕቃዎች ኃላፊ ባሽፎርድ ዲን የሚያማምሩና የተሻለ የሚሸፍኑ ናሙናዎች ሠርቶ ነበር። በዚያ ጦርነት ግን በብዛት ለወታደሩ አልደረሱም። ያሸነፈው በፍጥነት የሚመረተው ነው።

ጀርመኖች

ጀርመኖች የጀመሩት ከሐኪም ቤት ነው። የሃኖቨሩ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር ፍሪድሪሽ ሽዌርድና ታዋቂው ቀዶ ሐኪም አውጉስት ቢር ራስ ላይ የሚደርሱ ቁስሎችን አጠኑ። ብዙው ጉዳት የሚመጣው ከትንንሽ ፍንጣሪዎች መሆኑን ተረዱ። ከዚህ ጥናት የወጣው የ1916ቱ የራስ ቁር ግንባርን፣ ጆሮ ግንድንና ማጅራትን ዝቅ ብሎ ይሸፍናል። ብረቱ ጠንካራ ነው፣ በተለያየ መጠንም ይሠራል። ቬርዱን ላይ በ1916 መጀመሪያ ታየ። በሽፋን ከሦስቱ ይበልጣል። ከባድ ነው፣ ለማምረትም ያስቸግራል፣ የመጣውም ዘግይቶ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። በሁለቱም ጎን ቀንድ የሚመስሉ ሁለት ጉጦች ነበሩት። አየር ያስገባሉ። በተጨማሪ ከግንባር ፊት የሚንጠለጠል ወፍራም ብረት ይይዛሉ። ብረቱ የጠመንጃ ጥይት እንዲያቆም ታስቦ የተሠራ ነው። ክብደቱ ብቻውን ከሁለት ኪሎ በላይ ነው። ያደረጉት ቋሚ ዘብና ተኳሾች ናቸው፣ ያም ለአጭር ጊዜ። አንገት አይችለውም። አድሪያን በወረቀት ላይ የተወውን ነገር ጀርመኖች በብረት ሞከሩትና ለምን እንደተተወ አሳዩ።

ገበሩ

ሰው ስለ ራስ ቁር ሲያወራ ብረቱን ነው የሚያየው። ለእኔ ግማሹ ታሪክ ያለው ውስጥ ነው።

ፍንጣሪው ብረቱን ሳይበሳ ቢቆምም ብረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ብረቱ ከራስ ቅል ጋር ተጣብቆ ከሆነ ያ ስርጉዳት በቀጥታ አጥንቱን ይመታል። ጥይት ያልገባበት ሰው በራሱ የራስ ቁር አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በብረቱና በራስ መካከል ባዶ ቦታ መኖር አለበት። አድሪያን ከቆዳው ገበርና ከብረቱ መሃል ሞገድ ያላቸው የአሉሚኒየም ቁራጮች አስገባ። ክፍተቱን ይጠብቃሉ፣ አየርም ያዘዋውራሉ። የጀርመኑ ደግሞ በሦስት የቆዳ ትራሶች ራስ ላይ ይቀመጣል።

ይህ ጉዳይ ዛሬም አላረጀም። ብረቱን የተካው ኬቭላር በ1965 ዱፖንት በሚባለው የአሜሪካ የኬሚካል ኩባንያ ውስጥ በስቴፋኒ ክዎሌክ የተገኘ ክር ነው። የአሜሪካ ጦር በኬቭላር የተሠራ የራስ ቁር በውጊያ ላይ ያዋለው በ1983 ግሬናዳ ውስጥ ነው። ክር ከብረት ይልቅ ፍንጣሪን በደንብ ይይዛል። ግን ሲመታ እሱም ወደ ውስጥ ያብጣል። ስለዚህ የአሜሪካ ጦር የራስ ቁር ሲፈተሽ ውስጡ በጭቃ የተሠራ የራስ ቅርጽ ይደረጋል። በሽጉጥ ጥይት ይመታል። ከዚያ ጭቃው ላይ የቀረው ስርጉዳት ይለካል። ለአንድ ሞዴል የተቀመጠው ጣሪያ ከፊትና ከኋላ 25.4 ሚሊ ሜትር፣ ከጎንና ከአናት 16 ሚሊ ሜትር ነበር። ጥይቱ አለመብሳቱ ብቻ ለማለፍ አይበቃም።

ለፍንጣሪም ቪ 50 የሚሉት መለኪያ አለ። የተለካ የብረት ቁራጭ በተለያየ ፍጥነት ይተኮሳል። ከተተኮሱት ግማሹ የሚያልፉበት፣ ግማሹ የሚቆሙበት ፍጥነት ይፈለጋል። ያ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን የራስ ቁሩ የተሻለ ነው። "ጥይት የማይበሳው" የሚል ቃል መሐንዲስ አፍ ላይ የማይሰማው ለዚህ ነው። ሁልጊዜ የትኛው ጥይት፣ በስንት ፍጥነት የሚል ጥያቄ ይከተላል።

ማን ተቆጠረ?

እንደዚህ ዓይነት ጉዳይ ሲጠና አንድ ወጥመድ አለ። ሐኪም ቤት ገብተህ ራሳቸው የቆሰሉ ሰዎችን ብትቆጥር፣ የራስ ቁር ከታደለ በኋላ ቁጥራቸው ሊጨምር ይችላል። "ብረቱ ጎዳን" ብሎ መደምደም ይቀላል። ግን ብረቱ ከመምጣቱ በፊት እነዚያ ሰዎች የት ነበሩ? ምሽጉ አጠገብ ተቀብረዋል። ሟች ሐኪም ቤት አይመጣም። ቁስለኛ ብቻ የሚቆጥር ሰው የተረፈውን ሰው እንደ ጉዳት ይመዘግበዋል። ስለዚህ ሟቹና ቁስለኛው አብረው ካልተቆጠሩ ስለ የትኛውም የራስ ቁር መፍረድ አይቻልም።

ከመቶ ዓመት በኋላ

በ2020 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያልተለመደ ሙከራ አሳተሙ። የፈረንሳዩን፣ የእንግሊዙን፣ የጀርመኑንና የዘመኑን የአሜሪካ ጦር የራስ ቁር በሰው ሠራሽ ራስ ላይ አደረጉ። ከላይ በኩል የፍንዳታ ግፊት ለቀቁባቸው። ፍንጣሪ የለም፣ የአየሩ ሞገድ ብቻ። ሁሉም የራስ ቁሮች ከባዶ ራስ ጋር ሲነጻጸሩ ግፊቱን በጣም ቀነሱት። አናት ላይ ግን ከሁሉም ያነሰ ግፊት የተለካው በአድሪያኑ ሥር ነው። ከዘመናዊውም ያነሰ።

ይህ ማለት ወታደር ወደ 1915 ይመለስ ማለት አይደለም። ፍንጣሪና የሽጉጥ ጥይት ሲመጣ ኬቭላሩ በሩቁ ይበልጠዋል። ሙከራውም አናት ላይ ስለሚፈነዳ ነገር ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ግን ምክንያቱን ሲፈልጉ ዓይናቸው ያረፈው ሸንተረሩ ላይ ነው። ሞገዱን ወደ ጎንና ወደ ጎን ሳይከፍለው አልቀረም አሉ።

አድሪያን ሸንተረሩን ያስቀመጠው ከሥሩ ያለውን የአየር ክፍተት እንዲሸፍንና ከላይ የሚወርደውን ፍንጣሪ ወደ ጎን እንዲያንሸራትት ነበር። የሞተው በ1933 ነው፤ ይህ ሙከራ ከመታተሙ ከ87 ዓመት በፊት።